ዲኤክሷ ጠዋት በቁልፍ አትነሳም፣ ስትገፋ ግን ወዲያው ትነሳለች

የዲኤክሷ ልጅ (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። እስከዛሬ የሌላውን ጥያቄ እያነበብኩ ስማር ነበር፤ ዛሬ የራሴን ይዤ መጣሁ። ትንሽ ይረዝማል። የትኛው እንደሚጠቅማችሁ ስለማላውቅ ሁሉንም ልንገራችሁ።

መኪናዋ የአባቴ ቶዮታ ኮሮላ ናት፣ ዲኤክስ የምንላት። ሊብሬዋ ላይ የተሠራችበት ዘመን በፈረንጆቹ 1982 ይላል። ሞተሯ 4ኬ ነው፣ 1290 ሲሲ። ካርቡራተርና ፑንቲና (ለካንዴላው እሳት የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚያቆራርጠው) ነው ያላት፤ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የላትም። ቾኳም (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቤንዚኑን የሚያበዛላት) በእጅ የሚሳብ ነው። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። እሱ እያለ ቁልፍ አንዴ ሲነካት ነበር የምትነሳው። እኔ ከያዝኳት ወዲህም እስከ ግንቦት ድረስ አላስቸገረችኝም።

ችግሩ የጀመረው ሰኔ ላይ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፍ ሳዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። አዟዟሩም እንደ ድሮው አይደለም። የደከመ ሰው ዳገት ሲወጣ ዓይነት ነው። አንዳንዴ ተስፋ ቆርጬ ቁልፉን ስለቅ፣ ልክ በምለቅባት ቅጽበት "ትፍ" ብላ ልትይዝ ትሞክርና ትተዋለች። 4 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ሞቅ ሲል ስሞክራት ግን ብዙ ጊዜ ትነሳለች። አንዴ ከተነሳች ቀኑን ሙሉ ምንም አትልም። ባለፈው እሑድ የጅሬንን ዳገት እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወጥታ ተመልሳለች።

የሚገርመኝ ደግሞ ይኼ ነው። በራችን ላይ የሚቆሙ የባጃጅ ልጆች አሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ስቸገር ሲያዩ ሮጠው መጥተው ይገፉልኛል። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ሦስት ሜትር እንኳ ሳትሄድ ትነሳለች።

እስካሁን ባትሪ ቀይሬያለሁ፣ አዲስ ነው። እሳት የሚሰጡትን አራቱንም ካንዴላ ቀይሬያለሁ። ካርቡራተሩ ተፈቶ ታጥቦ ተመልሷል። ለውጥ የለም። አንድ ጋራዥ ወስጃት ያየልኝ ሰው ደግሞ "ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድና ይታደስ" አለኝ። የጠራልኝን ገንዘብ ስሰማ ምንም ሳልመልስ ወጣሁ። መምህር ነኝ፤ ያን ያህል ብር የለኝም።

የሚያስጨንቀኝ እናቴ ናት። ሰኞ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ሆስፒታል ቀጠሮ አላት። ጉልበቷን ያማታል፤ ባጃጅ ላይ መውጣትና መውረዱ ያሰቃያታል። ቀጠሮው ደግሞ ፀሐይ እስኪሞቅ አይጠብቅም።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልጨምር። ግንቦት ላይ ፍሪሲዮን አስቀይሬ ነበር፣ ካምቢዮ (የማርሹ ሳጥን) ወርዶ ተመልሷል። ማርሹ አሁን ጥሩ ነው፣ እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ሌላው፣ ደጋግሜ ለማስነሳት ስሞክር የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለ ሽታ ይመጣል። የቾኩ መሳቢያም እጄ ላይ ሞቅ ይላል። ምናልባት ጨብጬው ስለምቆይ ይሆናል።

ባጃጅ ከመርካቶ (ጅማ)

እህት፣ አትጨነቂ። የአየር ፊልትሮውን ክዳን ክፈቺ፣ በሃይላንድ ትንሽ ቤንዚን ይዘሽ ካርቡራተሩ አፍ ላይ ጠብ አድርጊ፣ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር። ወዲያው ትነሳለች።

የድሮ ሾፌር

ልጄ፣ ይኼን እንዳታደርጊ። ወንድሜም ለሌላ ሰው አትምከር። ካርቡራተር አንዳንዴ እሳቱን ወደ ኋላ ይተፋል። በእጅሽ የያዝሽው ሃይላንድ ቤንዚን ነው። እንዲህ ሲያደርግ ፊቱና እጁ የተቃጠለ ረዳት ነበረኝ፤ በደሌ ሆስፒታል ያደረስኩት እኔ ነኝ። ማታ ተመልሼ በሰፊው እጽፍልሻለሁ። እስከዚያ ሞተሯን ለማንም አታስፈቺ።

ከአጋሮ

እህቴ፣ እኔም ዲኤክስ ነበረችኝ። የኛ አካባቢ ዝናብ ታውቂዋለሽ፤ ሰኔ ከገባ ሌሊቱን ሙሉ እርጥበት ነው። የኔዋ ላይ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው የዲስትሪቢውተሩ ክዳን ውስጥ ጤዛ ይቋጥር ነበር። እሳቱ ወደ ካንዴላ መሄዱን ትቶ በእርጥቡ ላይ ይፈሳል። ክዳኑን አውልቀሽ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካለው ይቀየር። ሌላ ዘዴ ልንገርሽ። ሌሊት ጨለማ ውስጥ ኮፈኑን ክፈቺና አንድ ሰው ቁልፍ ያዙር። የካንዴላ ገመዶቹ ካረጁ ሰማያዊ ብልጭታ ላያቸው ላይ ሲሮጥ በዓይንሽ ታያለሽ።

ቤንዚኑንም እዪው። ማደያ ሲጠፋ በመንገድ በሃይላንድ ከሚሸጠው ገዝተሽ ከሆነ ውኃ ሊኖርበት ይችላል። ነጭ ብርጭቆ ውስጥ ትንሽ ቅጂና አስቀምጪው። ውኃ ካለ ከታች ይለያል።

የዲኤክሷ ልጅ (ጅማ)

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ዛሬ ማታ ያልከውን ሁሉ ሞከርኩ።

ቤንዚኑ ንጹሕ ነው፣ ከታች የተለየ ነገር የለም። ካርቡራተሩ ጎን ላይ ትንሽ መስታወት አለች፤ አባቴ ልጅ ሆኜ አሳይቶኝ ነበር። በባትሪ መብራት ሳያት ቤንዚኑ መሃሏ ላይ ካለው ምልክት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ቤንዚን ይደርሳል ማለት ነው፣ አይደል? አንዱን ካንዴላ ፈትቼ አሸተትኩት፤ እርጥብ ነው፣ ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

የዲስትሪቢውተሩን ክዳን አወለቅኩት። ጤዛ አለው፣ እውነትህን ነው። ጠረግኩት፣ አደረቅኩት፣ ስንጥቅ አላየሁበትም። ከዚያ መብራት አጥፍተን የጎረቤት ልጅ ቁልፍ አዞረልኝ። እናቴ በረንዳው ላይ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ታየናለች። ሰማያዊ ብልጭታ አላየሁም። ሞተሩም አልተነሳም።

የድሮ ሾፌር

ልጄ፣ ዘግይቻለሁ፣ ይቅርታ። መብራት ጠፍቶ ነበር።

ከጅማ መቱ መንገዱ ገና ጠጠር ሳለ ብዙ ዓመት ነድቻለሁ። መኪና ጫካ ውስጥ ሲቆም ጋራዥ የለም፣ የሚገዛ ዕቃ የለም። ያለሽ ማሰብ ብቻ ነው። የጻፍሽውን ሦስቴ አነበብኩት። መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል፣ ግን ተበታትኗል። ልሰብስብልሽ።

ስትገፋ ወዲያው ትነሳለች አልሽ። እዚህ ላይ ቆም በይ። ስትገፋም ካንዴላው ያው ነው፣ ለካንዴላው እሳት የሚሠራው ቦቢና ያው ነው፣ ካርቡራተሩ ያው ነው። ሞተሩ ያለቀ ቢሆን በሦስት ሜትር አይነሳም ነበር። ስትገፋ የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ ሞተሪኖው አይሠራም። እንግዲያው ችግሩ የሚመጣው ሞተሪኖው ሲሠራ ነው።

መኪና ላይ ካለው ሁሉ እንደ ሞተሪኖ ኤሌክትሪክ የሚበላ የለም። የዲኤክስ ትንሽ ሞተር ላይ እንኳ ከመቶ አምፔር በላይ ይስባል። የሚያልፍበት መንገድ ጠባብ ከሆነ ቮልቱ እዚያው መንገድ ላይ ይቀራል፣ ቦቢናው ይራባል። የተራበ ቦቢና ካንዴላ ላይ የሚረባ እሳት አይሰጥም። ቤንዚኑ ይመጣል፣ እሳት የለም፣ ካንዴላው ይርሳል። ያየሽው እሱን ነው። ቁልፉን ስትለቂ "ትፍ" የምትለው ለምን መሰለሽ? ሞተሪኖው ሲተው ቦቢናው ለቅጽበት ሙሉ ቮልት ያገኛል፤ ሞተሩ ደግሞ ገና መዞሩን አላቆመም። ፀሐይ ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ሞተሪኖውም ይቀለዋል፣ ለቦቢናው የሚተርፍ ይገኛል።

አሁን ወደ ቾኩ እንምጣ። ሙቀቱ ከእጅሽ አይደለም። የቾክ ሽቦ ብረት ነው። አንዱ ጫፉ ሞተሩ ላይ ነው፣ ሌላው ጫፉ ዳሽቦርዱ ላይ፣ ማለትም የመኪናው አካል ላይ ነው። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወጥቶ ሞተሪኖውን ካዞረ በኋላ ወደ ኔጋቲቩ መመለስ አለበት። የሚመለሰው ማሳ በምንለው ወፍራም ገመድ ነው። ያ ገመድ ከተበላሸ ያገኘውን ሌላ መንገድ ይይዛል። ያንቺ በቾኩ ሽቦ እየተመለሰ ነው። የሸተተሽ የሽቦው ሽፋን ሲቃጠል ነው። ይኼ እንደ ቀላል የሚታይ ነገር አይደለም፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። እስኪስተካከል ደጋግመሽ አታዙሪ።

ግንቦት ላይ ደግሞ ካምቢዮ ወርዷል። ካምቢዮ ሲወርድ የማሳው ገመድ ይፈታል። ሲመለስ የት እንደታሰረ እዪ።

ሳትፈቺ የምታረጋግጪበት መንገድ ይኼውልሽ። ማርሽ ፎሌ (ባዶ) ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይሳብ። ባትሪ ከመኪና ወደ መኪና የሚያበድሩበትን ወፍራም ገመድ ከሰው ተዋሺ። ጥቁሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ንከሺ። ሌላውን ሞተሩ ላይ፣ ቀለምና ዘይት የሌለው ባዶ ብረት ላይ፣ ከካርቡራተሩ ራቅ አድርገሽ ንከሺ። ከዚያ አስነሺ። ከተነሳች አገኘሽው። ቴስተር ካገኘሽ ደግሞ አንዱን ዘንግ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርጊና ቁልፍ ይዞር። ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ መንገዱ ተዘግቷል።

የዲኤክሷ ልጅ (ጅማ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንዳሉኝ አደረግኩ። የጎረቤታችን ልጅ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው የሚማረው፣ ቴስተር አለው። መጀመሪያ ለካን። ባትሪው ሳይነካ 12.6 ቮልት ነው። ሲዞር ባትሪው ራሱ ላይ 10.8። ቦቢናው ላይ ሲዞር 6.9 ብቻ! ከዚያ እርስዎ ያሉትን ከኔጋቲቭ ወደ ሞተሩ ስንለካ 3.2 አነበበ። ልጁ ቴስተሩ የተበላሸ መስሎት ሁለቴ ደገመው። ያው 3.2።

ከዚያ ገመዱን ነከስን። ቁልፍ አዞርኩ። ጋሼ፣ ሁለት ዙር እንኳ አልሞላችም፣ ተነሳች። አዟዟሩ ራሱ ሌላ ሆነ፣ ያ የድሮው ፈጣን ድምፅ። እናቴ ከጓዳ "ማን ገፋልሽ?" አለች። ማንም አልገፋ።

ገመዱን ስናነሳው እንደገና እምቢ አለች። ስንመልሰው ተነሳች። ሦስት ጊዜ አረጋገጥን።

ከዚያ ከባትሪው ሥር ጎንበስ ብዬ ገመዱን በጣቴ ተከተልኩት። ወፍራሙ ጥቁር ገመድ ሞተሩ ላይም ካምቢዮው ላይም አልታሰረም። ባትሪው የተቀመጠበት ቆርቆሮ ጎን ላይ፣ ቀለም በተቀባ ብረት ላይ በአንድ ብሎን ታስሯል። ከአካሉ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ከኋላ በኩል ያለ ጠፍጣፋ የመዳብ ጥልፍ ብቻ ነው። እሱም አረንጓዴ ሆኗል፣ እንደ አሮጌ ነጠላ ጫፍ ተዘርዝሯል። ሦስት አራት ክር ነው የያዘው። ከካምቢዮው ጎን ደግሞ ምንም ያልታሰረበት አንድ ባዶ የብሎን ቀዳዳ አገኘሁ። ቀለበት የመሰለ የዝገት ምልክት አለው፤ ድሮ ገመዱ የነበረበት እዚያ ነው መሰለኝ።

እዚያ ቀዳዳ ላይ ልመልሰው? ገመዱ ይደርሳል፣ ግን ጫፉ ላይ ሽፋኑ ተሰነጣጥቆ ውስጡ ጠቁሯል። ነገ እሑድ ነው፣ ቀጠሮው ሰኞ ነው።

መካኒክ (ፈረንጅ አራዳ፣ ጅማ)

እህቴ፣ ጋሼ ጨርሰውታል። እኔ ከእጅ ሥራው ብቻ ልጨምር።

አሮጌውን ገመድ አትመልሺው። ውስጡ ከጠቆረ መዳቡ ሞቷል። አዲስ ቁረጪ፤ ከ25 ስኩዌር ሚሊሜትር በታች እንዳትወስጂ። ጫፉ ላይ የመዳብ ቀለበት በመሣሪያ ተጨምቆ ይግባ። በእጅ ተጠምዝዞ በፒንሳ የተነከሰ አትቀበዪ፣ ከጥቂት ወር በኋላ ያው ችግር ይመለሳል።

ሥራ ስትጀምሪ መጀመሪያ ኔጋቲቩን ፍቺ፣ ስትጨርሺ መጨረሻ ላይ እሰሪ። ካምቢዮው ላይ ያለውን ቀዳዳ ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት አሺው፣ ብረቱ ነጭ ሆኖ እስኪያበራ ድረስ። ብሎኑ በደንብ ይጥበቅ። ባዝሊን ወይም ግራሶ ከፈለግሽ ከጠበቀ በኋላ ከላይ ቀቢ እንጂ ከመሃል እንዳታስገቢ። የኋላዋን ጥልፍም ቀይሪያት። እሷ መብራቱንና ጌጁን ታገለግላለች።

ሁለት ነገር እንዳትረሺ። የቾኩን ሽቦ ከነሽፋኑ መዝዘሽ እዪው። ከቀለጠ ይቀየር፤ አለዚያ አንድ ቀን ተሳቦ ይቀርና ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበታል። ሌላው የሞተር ዘይትሽ ነው። አንድ ወር ሙሉ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ሲሊንደር ስትልኪ ነበር፤ ከፊሉ ወደ ታች ይወርዳል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተሽ አሽቺው። ቤንዚን ከሸተተ ወይም ከወትሮው ከፍ ብሎ ከተገኘ ዘይቱን ቀይሪ። የቀጠነ ዘይት ኩሽኔታ ይበላል።

"ሞተር ይውረድ" ያለሽ ሰው ኮምፕረሽን (የሲሊንደሮቹን ግፊት) ለክቶ ነበር? ካልለካ በምን አወቀ? እኔም የዚህ ሙያ ሰው ነኝ፣ ይኼ ነገር ያመኛል። አንድ ገመድ ለማየት አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ባጃጅ ከመርካቶ (ጅማ)

ጋሼ፣ የቤንዚኑን ነገር ሰምቻለሁ። ከእንግዲህ ለማንም አልነግርም። እህት፣ ገመድ ለመግዛት የሚያደርስሽ ከፈለግሽ ነገ ከሰዓት አጂፕ አካባቢ ነኝ፣ በነጻ አመላልስሻለሁ።

የዲኤክሷ ልጅ (ጅማ)

ሰኞ ማታ ነው የምጽፈው።

ትናንት ገመዱን አስቆረጥኩ፣ ቀለበቱ በመሣሪያ ተጨመቀ። ባጃጁ ወንድሜ ቃሉን ጠብቆ አመላልሶኛል፤ አመሰግናለሁ። ካምቢዮው ላይ ያለውን ቀዳዳ እኔው ራሴ ካርቶን አንጥፌ መኪናዋ ሥር ተኝቼ አሸሁት። ከዝገቱ ሥር ነጩ ብረት ብቅ ሲል ያየሁት ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። ልጁ ለካልኝ፦ ሲዞር 0.2 ቮልት። ቦቢናው ላይ ከ10 በላይ።

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እያካፋ ነበር። ቾኩን ሳብኩ። ልጆቹ ለመግፋት ከባጃጆቻቸው ወርደው ወደ ኋላዋ እየመጡ ነበር። ቁልፍ አዞርኩ፣ እነሱ ሳይደርሱ ተነሳች። እጄን ቾኩ መሳቢያ ላይ አቆየሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። እናቴን 2 ሰዓት ሳይሞላ አደረስኳት። መንገድ ላይ ምንም አላለችም፣ ከመውረዷ በፊት ግን ዳሽቦርዱን ሁለቴ መታ መታ አደረገችው። አባቴ እንደዚያ ያደርግ ነበር።

ዘይቱን አሽትቼዋለሁ፣ ቤንዚን ይላል። ደሞዝ ሲገባ እቀይረዋለሁ፣ እስከዚያ ረጅም መንገድ አልወስዳትም። የቾኩ ሽቦ ግን መሃሉ ላይ ሽፋኑ ቀልጦ ተጣብቋል፤ ስስበው ይከብዳል። መርካቶ ሁለት ሱቅ ጠየቅኩ፣ የለም። ያገለገለ ያያችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ።

ከአጋሮ

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! እኔ እርጥበት ነው ብዬ አሳስቼሽ ነበር፣ ይቅርታ። እዚህ አንድ የቆመች ዲኤክስ አለች፤ ባለቤቱ ዕቃዋን እየሸጠ ነው። ነገ ጠዋት ሄጄ ቾኳን አየዋለሁ። የሽቦውን ርዝመት ከመሳቢያው እስከ ካርቡራተሩ ለክተሽ ላኪልኝ። ደህና ከሆነ በአጋሮ ጅማ ሚኒባስ እልክልሻለሁ።

የዲኤክሷ ልጅ (ጅማ)

አሁኑኑ ሜትር ይዤ ወጣሁ።